የአደባባይ በዓል ወጪ የማን ዕዳ ነው?



ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ ሰው የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ወረታን ካለፈ በኋላ፣ በአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ በደን የተሸፈነ ተራራ ያያል። ይህ ጣራ ገዳም ነው። በዙሪያው ያለው አገር ከሞላ ጎደል ለእርሻና ለግጦሽ ተመንጥሮ ሳለ፣ የገዳሙ ደን እስከ ዘመናችን ደርሷል። በተራራ ላይ ያለ ደን አፈሩን ይይዛል፤ የክረምቱን ጎርፍ ያዘገያል፤ ውሃውንም ለበጋ ያቆያል። ስለዚህ አገልግሎት ግን ገዳሙ ከግርጌው ላለው ከተማም ሆነ ለሜዳው ገበሬ ደረሰኝ ሲቆርጥ አልሰማንም።

በዚህ እትም ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ የዚህ ተቃራኒ ነው። አንድ ቁምስና፣ አንድ እድር፣ አንድ የጽዋ ማኅበር ወይም አንድ የወጣቶች ክበብ በአደባባይ በዓል ሲያከብር፣ ከተማው መንገድ ይዘጋለታል፤ ፖሊስ ያቆምለታል፤ በቦቴ ውሃ ያቀርብለታል፤ በማግሥቱም ቆሻሻውን ያነሣለታል። ከተማው ይህን ወጪ ከማኅበሩ ሊጠይቅ ይገባዋልን? ወይስ የሕዝብ በዓል ስለሆነ ሁሉም ሊሸከመው ይገባል?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲታይ የሒሳብ ክፍል ጉዳይ ይመስላል። ጠለቅ ብለን ስንመረምረው ግን ማን የከተማው ልጅ፣ ማን እንግዳ ሆኖ እንደሚቆጠር የሚጠይቅ የፍትሕ ጥያቄ ነው። በቁጥር አነስተኛ ለሆንነው ለእኛ ደግሞ ነገሩ የሩቅ አይደለም።

ወጪው በእርግጥ አለ

አስቀድመን አንድ እውነት እንቀበል። ከተራን እንመልከት። ታቦታቱ ወደ ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ ሕዝቡ ያጅባቸዋል፤ ብዙው ሰው በዚያው ያድራል። በዚያች ሌሊት በብርድ ቆሞ የሚያድር ፖሊስ አለ። የመብራት ሠራተኛ አለ፤ የአምቡላንስ ሾፌር አለ። ሕዝቡ እየዘመረ ከተመለሰ በኋላ በባዶው ሜዳ ላይ ጎንበስ ብለው የውሃ ፕላስቲክና የሸንኮራ ልጣጭ የሚለቅሙ የጽዳት ሠራተኞች አሉ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ የሆነ እናቶች ናቸው። ስለዚህ ድጋፉ ያለ ክፍያ ተሰጠ ስንል ማንም አልከፈለም ማለታችን አይደለም። የከፈለው ሰው ስሙ በመዝገብ አልሠፈረም ማለታችን ነው።

ከተሞቻችንም ባለጸጎች አይደሉም። በአገራችን አሠራር ትምህርትንና ጤናን የመሳሰሉት መንግሥታዊ ተግባራት በአብዛኛው ከክልል በሚመጣ በጀት ይከናወናሉ። ጽዳት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ቄራና የመሳሰሉት ማዘጋጃ ቤታዊ አገልግሎቶች ግን ከተማው ራሱ ከሚሰበስበው ገቢ ይሸፈናሉ። ይህም ገቢ ከመሬት ኪራይ፣ ከሊዝና ከልዩ ልዩ የአገልግሎት ክፍያዎች የሚገኝ ነው። በወረታ ገበያ ጉሊት ዘርግታ ሽንኩርትና በርበሬ የምትሸጥ መበለት የምትከፍላት ጥቂት ብር ከዚህ ውስጥ አለች። ያቺ መበለት የእኛን በዓል ላታከብር ትችላለች። ወረታ የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወልዲያ ከሚወስደው ጋር የሚገናኝባት ከተማ ናት። በዚያ ዋናው መንገድ ለግማሽ ቀን ሲዘጋ የባጃጅ ሾፌሩ የዕለት እንጀራውን ያጣል፤ የጭነት መኪናውም ቆሞ ይውላል። እነዚህን ሰዎች ከሒሳባችን ልናወጣቸው አንችልም።

በሌላ በኩል ደግሞ ወጪን መሸሽ የሚያስከትለውን አደጋ አይተናል። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በጎንደር፣ በዓሉ በዓለም ቅርስነት በተመዘገበ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ፣ በፋሲለደስ መዋኛ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች ሞተዋል፤ በርካቶችም ተጎድተዋል። ስለ አደጋው መንሥኤ ለመፍረድ ሥልጣኑም እውቀቱም የለንም። ነገር ግን አንድ ትምህርት ሳናመነታ ልንወስድ እንችላለን። ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ እንጨቱን የሚመረምር፣ መውጫውን የሚያሰፋ፣ ቁጥሩን የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው የሚቆምበት ገንዘብ ከየትም ይምጣ፣ ገንዘብ ጠፋ ተብሎ ሊቀር አይገባውም።

ሦስቱ የሥራ መንገዶች

ታዲያ ማን ይክፈል? መልሱን ለመፈለግ ሩቅ አንሂድ። በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚያመርት ገበሬ ለአረምና ለአጨዳ የሰው እጅ የሚያገኝባቸው ሦስት መንገዶች አሉ።

የመጀመሪያው ቅጥር ነው፤ ሠራተኛው ይሠራል፤ የቀኑን ዋጋ ይቀበላል፤ በዚያው ይለያያሉ። ሁለተኛው ወንፈል ነው፤ ዛሬ አንተ ለእኔ፣ ነገ እኔ ለአንተ፤ ቀኑ በቀን ይመለሳል። ሦስተኛው ደቦ ነው፤ ጎረቤት ተጠራርቶ ይመጣል፤ የመጣውም ሰው ቀኑን ቆጥሮ አይጠይቅም። ባለ እርሻው ግን ምግቡንና ጠላውን ያሰናዳል፤ ራሱም ከፊት ሆኖ ይሠራል። ሰውን ጠርቶ እርሱ በጥላ ሥር የሚቀመጥ ባለ ደቦ በሚቀጥለው ዓመት የሚመጣለት አያገኝም።

ከተማ ለማኅበራት የሚሰጠው ድጋፍም ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ሊመሰል ይችላል። መግቢያ እያስከፈለ የሙዚቃ ዝግጅት የሚያቀርብ ነጋዴ የፖሊስና የጽዳት ድጋፍ ቢጠይቅ፣ ይህ ቅጥር ነው፤ ሙሉ ዋጋውን ቢከፍል ማንም አይበደልም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ የሚካሄደው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ተሳታፊዎቹን በክፍያ ይመዘግባል፤ የድርጅቶችንም ስፖንሰርነት ይቀበላል። እንዲህ ያለ ገቢ ያለው ዝግጅት ድርሻውን ለመክፈል የሚጎድልበት ነገር የለም።

ወንፈል የሚመስለው ደግሞ እድር ነው። እድር ከተማው ሊያደርገው የማይችለውን ያደርጋል፤ ሙታንን ይቀብራል፤ ሐዘንተኛን ያጽናናል፤ የታመመን ይጠይቃል። ለዚህ ሁሉ ከተማው አይከፍለውም። እንግዲህ እድሩ ለቀብር መንገድ ሲያስዘጋ ክፍያ ቢጠየቅ፣ አንዱ ወገን ብቻ ደብተር ይዞ ወንፈሉን መቁጠሩ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ጎርፍ ሕዝቡን ሲያፈናቅል የተደረገውን መረዳዳት የሚያስታውስ ሰው፣ የጎረቤት እጅ በደረሰኝ እንደማይለካ ያውቃል።

ብዙ ሕዝብ የሚሳተፍበት የአደባባይ በዓል ግን ደቦን ይመስላል። ከተማው እጁን ያበድራል፤ ቀኑንም አይቆጥርም። ነገር ግን ባለ በዓሉ ማዕዱን ማሰናዳት፣ ራሱም ከፊት ሆኖ መሥራት አለበት። በአዲስ አበባ በጥምቀት ታቦቱ በሚያልፍበት ጎዳና ምንጣፍ እያነሡ የሚያነጥፉትን፣ መንገዱን የሚጠርጉትን፣ ሕዝቡንም በሥርዓት የሚመሩትን ወጣቶች ሁላችንም እናውቃቸዋለን። እነዚህ ወጣቶች ማንም ሳያስገድዳቸው የበዓሉን ወጪ በጉልበታቸው ይከፍላሉ።

ክፍያ ደጅ መዝጊያ ሲሆን

ይህን ካልን በኋላ ከበድ ወዳለው ነጥብ እንለፍ። ክፍያ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ነገር ግን ደጅ መዝጊያ ሊሆን ይችላል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን መብት፣ በአንቀጽ 27 የሃይማኖትን ነፃነት ያረጋግጣል፤ በአንቀጽ 11 ደግሞ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ይደነግጋል። ስለ ሰላማዊ ሰልፍና ሕዝባዊ የፖለቲካ ስብሰባ የወጣው አዋጅ ቁጥር 3/1983 አዘጋጆቹ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል። ማሳወቅ ለሁሉም ይቻላል፤ ድሃም ደብዳቤ መጻፍ አያቅተውም። መብት በገንዘብ መጠን ሲታሠር ግን ባለጸጋው ይሰበሰባል፤ ድሃው ቤቱ ይቀራል።

በዚህ ነገር በአሜሪካ አገር የደረሰ አንድ ጉዳይ ያስተምረናል። እ.ኤ.አ. በ1941 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ አንድ ከተማ ለሰልፍ የሚያወጣውን ወጪ ለመሸፈን ያህል ተመጣጣኝ ክፍያ ቢጠይቅ ተገቢ መሆኑን ወስኖ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1987፣ በጆርጂያ ግዛት በፎርሳይት አውራጃ ለጥቁሮች መብት የተሰለፉ ሰዎች በተቃዋሚዎች ድንጋይ ተወረወረባቸው። በሚቀጥለው ሳምንት በብዙ ሺህ ሆነው ሲመለሱ ለጥበቃው ከ670 ሺህ ዶላር በላይ ወጣ። አውራጃው ከዚህ በኋላ ሹሙ እየገመተ በቀን እስከ 1,000 ዶላር እንዲያስከፍል የሚያስችል ደንብ አወጣ። ደንቡን በፍርድ ቤት የተቃወመው ግን፣ ለማርቲን ሉተር ኪንግ መታሰቢያ የተሰጠውን በዓል የሚነቅፍ፣ ሐሳቡን ማናችንም የማንወደው ቡድን ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1992 በ5 ለ4 ድምፅ ደንቡን ሻረው። ምክንያቱም ሹሙ ያለ ቁርጥ መመዘኛ ዋጋውን ከፍና ዝቅ ሊያደርግ ይችል ነበር፤ ዋጋውም ሌሎች በተናጋሪው ላይ በሚያሳዩት ጥላቻ መጠን የሚጨምር ነበር።

ይህ ፍርድ የሚነግረን እንዲህ ነው፤ ድንጋይ የሚወረወርበት ሰው ስለ ድንጋዩ ሊከፍል አይገባም። ጥቂቶች የሆኑ፣ ጎረቤት የማይወዳቸው፣ ስማቸው ያልታወቀ ማኅበራት ብዙ ፖሊስ ያስፈልጋቸው ይሆናል። ይህ ግን የእነርሱ ጥፋት አይደለም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የትጥቅ ግጭት ባስከተለው ስጋት ውስጥ የሚጸልይ ሕዝብም፣ እርሱ ላላመጣው ስጋት የጥበቃ ዋጋ ቢጠየቅ ሁለት ጊዜ ተበደለ ማለት ነው። ሰላምን ማስጠበቅ የመንግሥት የመጀመሪያ ግዴታው ነው፤ በችርቻሮ የሚሸጥ አገልግሎት አይደለም።

ከዚህ የማይተናነስ ሌላ አደጋ አለ። ብዙዎች የሚያከብሩት በዓል «ልማድ ነው» ተብሎ በነፃ ሲስተናገድ፣ ጥቂቶች የሚያከብሩት «ልዩ ዝግጅት ነው» ተብሎ ሊከፈልበት ይችላል። ቃሉ የሕግ ቃል ይመስላል፤ ሥራው ግን አድልዎ ነው። ሁለት መቶ ሰዎች በመስቀልና በመዝሙር አንድ መንገድ ተሻግረው ለመሄድ የሚከፍሉ ከሆነ፣ ሁለት መቶ ሺህ ሰዎች ከተማውን ሞልተው የማይከፍሉበት ምክንያት ከብዛታቸው በቀር ምን ሊሆን ነው?

አንዳንዶች ለዚህ መልስ አላቸው፤ ትልቁ በዓል ገበያ ያመጣል ይላሉ። እውነት ነው። መስቀል እ.ኤ.አ. በ2013፣ ጥምቀት እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ ተመዝግበዋል፤ ወደ ጎንደር የሚመጣው እንግዳም ሆቴሉንና ነጋዴውን ይጠቅማል። ነገር ግን በዓል የሚመዘነው በሚያመጣው ትርፍ ከሆነ፣ ከሙታን ጋር የሚያለቅስ እድርና ስለ ዝናብ ምሕላ የሚያደርግ የገጠር ቁምስና ዋጋ የላቸውም ማለት ነው። በትርፍ የሚመዝን ሚዛን ድሃን ሁልጊዜ ያቀልለዋል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ እ.ኤ.አ. በ1931 ባወጡት መልእክት፣ የበላዩ አካል የበታቹ ማኅበር ራሱ ሊሠራው የሚችለውን እንዳይነጥቀው፣ ሲያቅተው ግን እንዲደግፈው አስተምረዋል። ይህ መርሕ ሁለት ፊት አለው። ከተማው የማኅበራትን ሕይወት እንዲደግፍ ያዝዘዋል፤ ማኅበሩም በእጁ የሚቻለውን ሁሉ በሌላው ትከሻ ላይ እንዳይጥል ያስጠነቅቀዋል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ጋራ ጥቅም ሲያስተምር፣ የጋራ ጥቅም ማለት ሰዎች በግልም በማኅበርም ወደ ሙላታቸው እንዲደርሱ የሚያስችላቸው የኑሮ ሁኔታ ሁሉ መሆኑን አስረድቷል። አደባባይ ከእነዚህ አንዱ ነው። ሰው ቤቱ ብቻ ተቀምጦ ሕዝብ አይሆንም።

ቀደም ሲል ለጠቀስናት መበለት የምንሰጠው መልስም ከዚህ ይገኛል። የማታከብረውን በዓል ወጪ ለምን ትጋራለች? አደባባዩ የእርሷም ስለሆነ፣ ነገ የእርሷ ተራ ስለሚደርስ ነው። ልብ እንበል፤ ይህ መልስ እውነት የሚሆነው ተራው በእርግጥ ለሁሉም ሲደርስ ብቻ ነው። ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም፣ ለብዙውም ለጥቂቱም ካልደረሰ፣ የጋራ ጥቅም ማለታችን ሽፋን ይሆናል፤ መበለቲቱም በእውነት ተዘርፋለች።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 17 የሚገኘውን ታሪክ እናስታውስ። በቅፍርናሆም የቤተ መቅደሱን ግብር የሚሰበስቡ ሰዎች ወደ ጴጥሮስ መጥተው መምህሩ ይከፍል እንደ ሆነ ጠየቁት። ጌታም ነገሥታት ግብርን ከልጆቻቸው ወይስ ከሌሎች እንደሚቀበሉ ጴጥሮስን ጠየቀው፤ ልጆች ነፃ መሆናቸውንም አስረዳው። ይሁን እንጂ ሰዎቹ እንዳይሰናከሉ ወደ ባሕሩ ሄዶ በሚያጠምደው ዓሣ አፍ ውስጥ ያለውን ገንዘብ ስለ ሁለቱም እንዲከፍል አዘዘው። የጣና ዳር ሰው ይህን ታሪክ በቀላሉ ይረዳዋል፤ ገንዘቡ የተገኘው ከጴጥሮስ ከራሱ ሙያ ነበርና። ጌታ ሁለቱንም አንድ ላይ ይዟል፤ ልጅ በአባቱ ቤት ነፃ ነው፤ ነፃ የሆነው ልጅ ግን ሌላውን ላለማሰናከል በፈቃዱ ይሰጣል። እኛም ከተማው እንደ ልጅ እንዲቆጥረን እንጠይቃለን፤ እንደ ልጅም ድርሻችንን እናደርጋለን።

ምን ይደረግ?

ስለዚህ ሐሳባችንን በአጭሩ እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ጸጥታን ማስከበርና የሰውን ሕይወት መጠበቅ ለማንም ማኅበር በክፍያ ሊሰጥ አይገባም። የመድረክና የመቀመጫ ደኅንነት ምርመራም ከዚህ የሚቆጠር ነው።

ሁለተኛ፣ ለማኅበሩ ብቻ የሚያገለግለውን፣ ማለትም ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ የድምፅ ማጉያውንና ጌጡን ማኅበሩ ራሱ ይሸፍን።

ሦስተኛ፣ መግቢያ የሚያስከፍል ወይም ትርፍ የሚያገኝ ዝግጅት፣ አዘጋጁ ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን፣ የጽዳቱንና የመንገዱን ወጪ ይክፈል። በዚህ ነጥብ ለራሳችን ልዩነት ልንጠይቅ አይገባንም።

አራተኛ፣ ክፍያ የሚኖር ከሆነ ተመኑ አስቀድሞ ተጽፎ በማዘጋጃ ቤቱ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ለሁሉም አንድ ይሁን፤ በአንድ ሹም ግምት ወይም በማኅበሩ እምነት አይለዋወጥ።

አምስተኛ፣ መክፈል የማይችል ማኅበር በጉልበቱ እንዲተካ ይፈቀድለት። ሃምሳ ወጣት መጥረጊያ ይዞ ቢወጣ ሜዳው ከገንዘቡ ይልቅ ይጸዳል።

ውድ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፤ የመጨረሻው ነጥብ ወደ እናንተ የሚመለከት ነው። ከተማው እስኪወስን አንጠብቅ። ለሚመጣው በዓል ፈቃድ ከመጠየቃችን በፊት ከከተማው የምንፈልገውን ሁሉ በወረቀት እናስፍረው፤ ከዚያም ራሳችን ልናደርገው የምንችለውን አንድ በአንድ እንሰርዝ። የቀረውን ብቻ ይዘን ወደ ማዘጋጃ ቤት እንሂድ። በዓሉ ሲያልቅ ወጣቶቻችን ከጽዳት ሠራተኞቹ ቀድመው ሜዳው ላይ ይገኙ። ሌሊቱን ቆሞ ላደረው ፖሊስም ከቁምስናው ማዕድ ትኩስ ሻይና እንጀራ ይድረሰው፤ በበዓላችን ቀን ሳያከብር የዋለ እርሱ ነውና።

ይህን ያደረገ ማኅበር ክፍያ ቢጠየቅ በሙሉ ልብ ሊከራከር ይችላል። ይህን ያላደረገ ግን፣ መብቱ ቢኖረውም እንኳ፣ ጎረቤቱን በጥላ ሥር ተቀምጦ ያሠራ ባለ ደቦ ነው። የሰላም አምላክ እግዚአብሔር አደባባዮቻችንን ይባርክልን፤ ለምንቀበለው የምናመሰግን፣ ለምንሰጠውም የማንሰስት ያድርገን። አሜን።